ቡፈሩ ሆዱ ውስጥ ያለ ቋሚ ስፒከር ጎንደር ላይ ስሰራ፣ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ፣ ቡፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) እዛው ሆዱ ውስጥ የተገጠመለት ቋሚ ስፒከር ጥንድ ጎንደር ማራኪ ሰፈር እቤቴ ሰርቼ ከጨረስኩ ይኸው ስምንት ወር ሊሆነኝ ነው። ጓደኛ ሲመጣ ያያል፣ ይሰማል፣ ከዛ "ልኩን ስጠኝ" ይለኛል። ልኩን እሰጣለሁ፣ እዚህም ሙሉውን እጽፈዋለሁ፣ ግን ልኩ ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ጥንድ ያበላሸሁት የሰው ልክ ቀድቼ ነው። መጀመሪያ የገዛችሁትን ቡፈር ለኩት፣ ሳጥኑ ከዛ በኋላ ነው ሚመጣው። ይሄንን ለማወቅ አንድ ሙሉ ክረምትና ብዙ እንጨት ፈጀብኝ፣ እናንተ እንዳይፈጅባችሁ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ ምጽፈው።

የመጀመሪያውን ጥንድ የሰራሁት ካንድ ፎቶ ነው፣ ቁመት ወርድ ጥልቀት ተጽፎበት ነበር፣ ዝም ብዬ ላናጺ ሰጠሁት። ከላይ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው)፣ ከሱ ስር 6.5 ኢንች ሚድ (የመሃሉን፣ የሰው ድምፅ ያለበትን)፣ ታች ጎኑ ላይ 10 ኢንች ቡፈር፣ ውስጡ ግን ካናት እስከ እግር አንድ ባዶ ክፍል ነው። እንጨቱ ደሞ ቺፑድ። ስከፍተው ደስ አለኝ ምክንያቱም ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም መጀመሪያ ላይ ጥሩ ድምፅ ማለት ቤት ሚያንቀጠቅጥ ይመስለናል። ጆሮዬ የነቃው በሶስተኛው ቀን ነው። ያደኩት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተክርስቲያን ብዙም ሳልርቅ ነው፣ ከበሮ በአካል እየሰማሁ ነው ያደኩት፣ ሰፊው ፊት ሲመታ ድም ይልና ወዲያው ይሰበሰባል፣ ጠባቡ ፊት ጠበቅ ያለ ሌላ ድምፅ አለው፣ ሁለቱን ማንም ሰው አይኑን ጨፍኖ ይለያቸዋል። በኔ ስፒከር ግን ሁለቱም አንድ ሆኑ፣ ቡምምም ይልና ቶሎ አይቆምም። ቤዝ ጊታሩም የፈለገውን ኖታ ቢጫወት ያው ቡምምም ነው። የባሰው ደሞ የዘፋኙ ድምፅ፣ ከበሮ በተመታ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው ገደል መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሆኖ ሚዘፍን ነው ሚመስለው።

አንድ ማታ ሽፋኑን አውልቄ የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት። ቡፈሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ሚዱ ወደ ውጪ ይገፋል፣ ቡፈሩ ሲወጣ ሚዱ ይሰረጉዳል፣ ልክ ትንሽ ልጅ ጉንጩን ነፍቶ እንደሚያጫውተው። የሚዱን ገመድ ነቀልኩት፣ ምንም ሙዚቃ እየገባበት አይደለም፣ ግን አሁንም ይሄዳል ይመለሳል። ያኔ ነው የገባኝ። አየሩ አንድ ነው፣ ቡፈሩ የሚገፋው አየር መውጫ ሲያጣ ደካማውን ሚድ ይገፋዋል። ሚዱ እላዩ ላይ የሰው ድምፅ ተሸክሞ በዛ ላይ ደሞ የቡፈሩን ግፊት ይሸከማል፣ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል። ስለዚ አንደኛው ህግ፣ ቡፈሩና ሚዱ አየር አይጋሩም፣ መሃላቸው ሙሉ ግድግዳ ይኖራል፣ ገመዱ ሚያልፍበት ቀዳዳ ሳይቀር በሲሊኮን ይደፈናል።

ቺፑዱ ደሞ በክረምቱ አልቻለም። ከታች ወለሉን የሚነካበት ጠርዝ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፣ ቪቴው ተፍረከረከና ወጣ፣ አንዱ ጥግ ተከፈተ። ከዛ በኋላ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ነው ምጠቀመው፣ ጥሩ ኮምፔንሳቶ ካገኛችሁም አሪፍ ነው። ኤምዲኤፍም ጠርዙ ካልታሸገ ውሃ ይጠጣል፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በውሃ የቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፉት፣ ከታች ደሞ የጎማ እግር አድርጉለት። ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሳንባ አይወድም፣ ማስክ አድርጉ፣ ያናጺው ልጆችም ያድርጉ።

እሺ አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማንኛውም ቡፈር ሶስት ዋና ቁጥር አለው፣ ኤፍኤስ፣ ኪውቲኤስ፣ ቪኤኤስ። ኔቪል ቲል ሚባል አውስትራሊያዊ ኢንጂነር በ1961 እኤአ ያስቀመጠው፣ ሪቻርድ ስሞል ደሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ስሌት ነው፣ እስካሁን መላው አለም ሳጥን ሚሰራው በዚሁ ነው። ኤፍኤስ ቡፈሩ ራቁቱን፣ ያለ ሳጥን፣ በራሱ ጊዜ የሚወዛወዝበት ፍጥነት ነው። ኪውቲኤስ ያን ውዝዋዜ ምን ያህል ቶሎ መያዝ እንደሚችል ይነግራል። ቪኤኤስ ደሞ ከኮኑ (ከሚወዛወዘው የቡፈሩ ፊት) ማንጠልጠያ ጋር እኩል ስፕሪንግ የሚሆን የአየር መጠን ነው በሊትር። ሳጥን ውስጥ የታሰረ አየር ስፕሪንግ ነው በቃ፣ የብስክሌት ፓምፕ አፉን በጣታችሁ ይዛችሁ ስትገፉት የሚመልስላችሁ ነገር።

ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ከመርካቶ በሰው ያስመጣሁት ቡፈር ቁጥሮቹ የተጻፉበት ወረቀት ነበረው፣ ኤፍኤስ 32 ኸርዝ (በሴኮንድ 32 ውዝዋዜ)፣ ኪውቲኤስ 0.45፣ ቪኤኤስ 78 ሊትር ይላል። ወረቀቱን ሳላምን ራሴ ለካሁት፣ እናንተም ለኩ ምክንያቱም ብዙ ቡፈር ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ እቃው ሌላ ነው። ውድ መሳሪያ አያስፈልግም። ስልክ ላይ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) የሚያወጣ አፕ ጫኑ፣ ወደ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) አስገቡ፣ ከአምፑ ወደ ቡፈሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የቡፈሩን ሁለት ጫፍ ለኩ። ከ20 ኸርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፣ ቮልቱ ይወጣ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ያ ጫፍ ኤፍኤስ ነው። የኔ 32 ላይ አረፈ፣ ወረቀቱ አልዋሸም። አዲስ ቡፈር ከሆነ ግን መጀመሪያ ጥቂት ሰአት አጫውቱት፣ ማንጠልጠያው ሲላላ ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል። ኪውቲኤስን በእጅ ማስላት ስለሚያደክም ኮምፒውተር ላይ ሩም ኢኪው ዊዛርድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው የለካሁት፣ እሱም 0.45 አካባቢ ሰጠኝ።

ለቪኤኤስ ልኩ የታወቀ የሙከራ ሳጥን ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ አናጺ አለ፣ እድሜው ትልቅ ስለሆነ አያ ነው ምለው፣ ከቁርጥራጭ አንድ ሳጥን ገጣጠመልኝ። ሊትሩን በትክክል ለማወቅ እቤት ወስጄ በቆሎ ሞላሁበት። እማየ ከኩሽና ብቅ ብላ "ምነው ልጄ፣ እህሉን በምን ላይ ነው ምታፈሰው?" አለች፣ መልሼ እንደምሰፍረው ነገርኳት፣ አብራኝ ቁጭ ብላ ባንድ ሊትር ጆግ እየሰፈርን መለስነው፣ 30 ሊትር። ቡፈሩን እላዩ ላይ በአፉ ደፍቼ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ አድርጌ አሰርኩትና ያንኑ የቶን ስራ ደገምኩ። ጫፉ 55 ኸርዝ ላይ መጣ። ስሌቱ ቀላል ነው፣ 55ን ለ32 አካፍሉ፣ ስኩዌር አድርጉት፣ 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ። 59 ሊትር ምናምን፣ በቃ 60 በሉት።

ወረቀቱ 78 ይላል እኔ 60 አገኘሁ። ኤፍኤስ ልክ፣ ኪውቲኤስ ልክ፣ ይሄ ብቻ እንዴት ይስታል ብዬ ሶስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። የሸጠልኝን ሰው ልጠራጠር ሁሉ ነበር። መልሱ ግን እግራችን ስር ነው ያለው ጎበዝ። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ወደ 77 በመቶ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ቶሎ ማይበስለው ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ነው አይደል፣ ያ የሳሳ አየር ነው የቡፈሩንም ቁጥር የቀየረው። የታሰረ አየር ስፕሪንግነቱ ከግፊቱ ጋር ነው ሚሄደው፣ አየሩ ከሳሳ ስፕሪንጉ ይላላል፣ ስለዚ ከኮኑ ማንጠልጠያ ጋር እኩል ለመሆን ያነሰ ሊትር ይበቃዋል። 78 ሲባዛ 0.77 ስንት ነው? 60። ይሄን ወረቀት ላይ ሳየው እውነት ለመናገር ተነስቼ ነው የቆምኩት። ወረቀቱ ትክክል ነው፣ እኔም ትክክል ነኝ፣ እሱ የተለካው ዝቅ ያለ ቦታ ነው እኔ ያለሁት ተራራ ላይ ነው።

ይሄ ለኛ ምን ማለት ነው። አንደኛ፣ ለዝግ (የአየር ቱቦ ለሌለው) ሳጥን ከወረቀቱ ስሌት አነስ ያለ ሳጥን ይበቃናል። ሁለተኛ፣ አየሩ ስለሳሳ እኩል ድምፅ ለማውጣት ኮኑ ወደ 1.3 እጥፍ መራመድ አለበት፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ድምፅ ከ2 ዲሲቤል ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። ስለዚ እኛ ጋ ኮኑ ረጅም የሚራመድ፣ ኤክስማክሱ ትልቅ የሆነ ቡፈር ከትልቅ ዋት ይበልጣል። የሱቅ ሰዎች ስለ ዋት ብቻ ነው ሚያወሩት፣ እናንተ ስለ ኤክስማክስ ጠይቁ።

የሳጥኑን ሊትር እንዲህ አሰብኩት። ቪኤኤስን ለሳጥኑ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በኪውቲኤስ አባዙ። የሚመጣው ቁጥር 0.7 አካባቢ ከሆነ ቤዙ ቀጥ ያለ ነው፣ 1ን ካለፈ ያ ቡምም ምትለው ነገር ይጀምራል፣ ከ0.5 ከወረደ ደሞ ይደርቃል። 60 ለ40 ሊትር 1.5፣ ሲደመር 1 ያው 2.5፣ ሩቱ 1.58፣ በ0.45 ሲባዛ 0.71። በዛው 1.58 ኤፍኤሱን 32ን ስታባዙት 50 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ የቡፈሩ አዲስ ቦታ እሱ ነው። በወረቀቱ 78 ብሄድ ኖሮ 52 ሊትር ነበር ምሰራው፣ ያለ ጥቅም 12 ሊትር እንጨት።

ለምን ቱቦ ያለው ሳጥን አልሰራህም ላላችሁኝ፣ አስቤበታለሁ። ቱቦ ያለው ሳጥን ጠለቅ ያለ ቤዝ ይሰጣል፣ ግን 60 ሊትር በ32 ኸርዝ ለመቃኘት በ110 ሚሊ የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ 33 ሴንቲ ርዝመት ይፈልጋል፣ ሳጥኑም ይተልቃል፣ ከዛ ከተቃኘበት ኸርዝ በታች ደሞ ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም፣ እኛ ጋ ቀድሞውኑ ብዙ ሚራመድ ኮን ነው። ምትሰሩት ካላችሁ ግን የቱቦው ልክ በከፍታ አይቀየርም፣ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንጂ በግፊት ስለማይቀየር ከየትም ያገኛችሁት የቱቦ ስሌት ጎንደርም ይሰራል። እኔ ዝግ መረጥኩ፣ ከበሮው እንዲሰበሰብ ስለምፈልግ።

አሁን እንጨቱ። አንድ የኤምዲኤፍ ሉህ 244 በ122 ሴንቲ ነው፣ ዋጋውን አልጽፍም እስክታነቡት ይቀየራል፣ ግን ሁለተኛ ሉህ መግዛት ስላልፈለኩ ልኩን በሉሁ ላይ አስልቼ ነው ያወጣሁት። ያንዱ ስፒከር ውጪ ቁመቱ 100፣ ወርዱ 22፣ ጥልቀቱ 42። ጎኖቹ 100 በ42፣ አራት ናቸው ለሁለቱ ስፒከር። ፊትና ጀርባው ጎኖቹ መሃል ስለሚገቡ 100 በ18.4፣ አራት። አናት፣ እግርና መሃል ከፋዩ 38.4 በ18.4፣ ስድስት። ሉሁን በወርዱ ስትሰነጥቁት 42፣ 42፣ 18.4፣ 18.4፣ ሶስት የመጋዝ መንገድ 3 ሚሊ 3 ሚሊ፣ ጠቅላላ 121.7። ሶስት ሚሊ ብቻ ነው ምትተርፈው! አያ ሜትሩን ሁለቴ ዘርግቶ ካየ በኋላ "አንተ ልጅ፣ ይሄ የሉሁ ጠርዝ ቀጥ ካላለ አለቀልን" አለኝና መጀመሪያ ጠርዙን አጣራ፣ ከዛ በትልቁ መጋዝ ቀስ ብሎ ቆረጠው፣ ወጣ። ስድስቱ ትናንሾች ደሞ ከቀረው 43 ሴንቲ ላይ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ቁርጥራጩን እንዳትጥሉ፣ ለድጋፍ ይሆናል።

ውስጡ 18.4 በ38.4 ነው። ከታች 62 ሴንቲ ለቡፈሩ ስትተዉ 43.8 ሊትር ይመጣል፣ የቡፈሩ አካልና ድጋፎቹ የሚይዙት ሲቀነስ 40 ይቀራል። ከዛ ከፋዩ፣ ከዛ በላይ 32 ሴንቲ ተኩል ለሚዱና ለትዊተሩ። ቡፈሩ ጎን ላይ ነው ሚገባው ምክንያቱም ፊቱ 22 ሴንቲ ነው 10 ኢንች አይገባም፣ ችግር የለውም፣ በ90 ኸርዝ የድምፁ ሞገድ ርዝመቱ ከሶስት ሜትር ተኩል በላይ ነው፣ ጎን ይሁን ፊት ጆሮ አይለየውም። ግን ቡፈሩን ከመግዛታችሁ በፊት ጥልቀቱን ለኩ። የኔ 13 ሴንቲ ነው፣ ከእንጨቱ ውፍረት ውጪ 11 ምናምን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከማግኔቱ ጀርባ 7 ሴንቲ ቀረው። ማግኔቱ ጀርባ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ካለው ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ። ሌላው፣ አንዱን ስፒከር በቀኝ ጎን አንዱን በግራ ጎን ቅደዱ፣ ሁለቱንም ባንድ ጎን ቀዶ የተናደደ ሰው አውቃለሁ።

ድጋፍ ማለት ከጎን ወደ ጎን የሚደገፍ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው እንጨት ነው፣ ቡፈሩ ክፍል ውስጥ አራት አደረኩ፣ እኩል እኩል ሳይሆን አንዱ ቀረብ አንዱ ራቅ እያለ፣ እኩል ካራራቃችኋቸው በመሃላቸው ያሉት ሰሌዳዎች ሁሉ ባንድ ድምፅ ነው ሚንቀጠቀጡት። በገና ሳጥኑ አብሮ እንዲዘፍን ነው ሚሰራው፣ ክራርም ገበቴው ነው ድምፁን ሚሰጠው፣ ስፒከር ግን ተቃራኒው ነው፣ ሳጥኑ ዝም ማለት አለበት፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለው በገና ብቻ ነው መሰማት ያለበት። በጣታችሁ አንኳኩት፣ ዱብ ካለ ጥሩ፣ ዶንንን ካለ ድጋፍ ጨምሩ።

ኮላውን አትሰስቱ። አያ ኮላ ቀብቶ ቪቴ አስሮ የተረፈውን ሲጠርግ በየመገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ሲሊኮን ጨምርልኝ አልኩት። "ቁም ሳጥን ስሰራ እድሜዬን ፈጀሁ፣ አየር እንዳይወጣበት ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላየሁም" አለኝ። ከጨረስን በኋላ ፍተሻውን አብረን አደረግን፣ ቡፈሩን በ20 ኸርዝ ቶን ዝቅ አድርጌ አስነሳሁት፣ ምንም አይሰማም ኮኑ ብቻ ይሄዳል፣ ከዛ እጣን ጭሼ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የገመድ መግቢያው ጋ ስደርስ ተንቀጠቀጠና ወደ ጎን ተገፋ። እዛ ጋ መርፌ የማይገባበት ሚመስል ክፍተት ነበር። አያ አይቶ "እሰይ፣ ይሄንንስ ተምሬያለሁ" ብሎ እራሱ ደፈነው። እቤታችሁ ቡና ሲፈላ እጣኑ አለ አይደል፣ በነካ እጃችሁ ሳጥኑን ፈትሹበት።

ውስጡ የትራስ ፋይበር ገብቷል፣ በቡፈሩ ክፍል ልል ልል አድርጌ፣ በሚዱ ክፍል በደንብ። የጥጥ ትራስ አታድርጉ፣ እርጥበት ይይዛል ይጓጉላል።

ኤሌክትሮኒክሱ ላይ አንድ ነገር በግልፅ ልንገራችሁ፣ ቡፈሩን በኮይልና በካፓሲተር ብቻ ከሚዱ ለመለየት አትሞክሩ። 8 ኦም ቡፈር በ90 ኸርዝ ለመቁረጥ 20 ሚሊሄንሪ ኮይል ይፈልጋል፣ ይሄ ኪሎዎች ሚመዝን መዳብ ነው፣ ስሌቱም ቡፈሩ ሁልጊዜ 8 ኦም ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ እውነቱ ግን የኛው ቡፈር 50 ኸርዝ ላይ ኦሙ ተራራ ነው ሚወጣው፣ ስለዚ አይቆርጥም። ቡፈሩ የራሱ አምፕ ይኑረው፣ ከአምፑ በፊት ትንሽ የሎውፓስ ቦርድ (ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ) ይግባ፣ 90 ኸርዝ ላይ አደረኩት፣ ቁልቁለቱ 24 ዲሲቤል የሆነውን ምረጡ። ለሚዱ ደሞ አንድ ብልሃት አለ፣ ዝግ ሳጥኑ ውስጥ በራሱ 85 ኸርዝ አካባቢ በ0.7 (ቅድም ለቡፈሩ ያሰላነው አይነት ቁጥር) እየወረደ ነው፣ እሱ ራሱ ግማሹን ስራ ሰራ፣ እላዩ ላይ 12 ዲሲቤል ሃይፓስ (ዝቅተኛውን የሚከለክል) ብቻ ስትጨምሩ ከቡፈሩ 24 ጋር ይገጣጠማል።

አምፑ ቲፒኤ 3116 ሚባለው ቺፕ ያለው ትንሽ ቦርድ ነው፣ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ይሰራል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስለሚሄድ ነው የመረጥኩት። በ12 ቮልት ግን ብዙ አትጠብቁ፣ 4 ኦም ላይ ሳይቆራረጥ ከ18 ዋት በላይ በስሌትም አይወጣም፣ በ24 ቮልት በስሌት 72 ይደርሳል። ስለዚ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ አሰርኩ። እዚህ ላይ ነው የሳትኩት፣ ባትሪዎቹ ቻርጅ ላይ ሆነው አምፑን ከፈትኩት። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ 14.4 ይደርሳል፣ ሁለቱ 28.8፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ደሞ 25 ቮልት ተጽፎባቸው ነበር፣ አላየሁትም። አንደኛው አናቱ አበጠ፣ ቦርዱም ዝም አለ። ቦርድ ስትገዙ ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፣ 35 ይሁን፣ ቻርጅና ሙዚቃ ደሞ አንድ ላይ አይሁን። አምፑን ስፒከሩ ሆድ ውስጥ አትቅበሩት፣ ለብቻው ትንሽ ሳጥን ስጡት፣ የሳሳ አየር ሙቀትም በደንብ አያወጣም።

በሚዱና በትዊተሩ መሃል ያለው በኮይልና ካፓሲተር ይሆናል፣ 2,500 ኸርዝ ላይ ለ8 ኦም 1 ሚሊሄንሪ ኮይልና 4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መነሻ ነው፣ የትዊተሩ ፕላስና ማይነስ ይገለበጣል። መነሻ ነው ያልኩት ትክክለኛው ኦም ሁሌም ስለሚለያይ ነው፣ ቪቱክስካድ ሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ አስገቡት። ኮይሉን ሞተር ከሚጠመጥሙ ልጆች ጋ ሄዳችሁ የመዳብ ሽቦ በኪሎ ገዝታችሁ ማስጠምጠም ትችላላችሁ፣ ለነሱ ምንም ማለት አይደለም። ሌላው፣ ፊቱ 22 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ከ500 ኸርዝ በታች ያለው የሚዱ ድምፅ ወደ ኋላ ይዞራል፣ "ድምፁ ቀጠነብኝ" ምትሉት ይሄ ነው፣ ቡፈሩን በማስጮህ አይስተካከልም፣ ኮይሉን ከፍ አድርጎ የላይኛውን ማውረድ ነው ሚያድነው።

ቤቱ የመጨረሻው ግማሽ ነው። የኛ ሳሎን 4 በ3.5 ሜትር የብሎኬት ቤት ነው። 4 ሜትሩ 43 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል፣ 3.5ቱ 49 ላይ። ሁለቱ ስፒከር በ3.5ቱ ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ሲቀመጡ፣ ሁለቱም ቡፈር አብረው ሲገፉ፣ የ49ኙን ይሰርዙታል፣ ሁለት ቡፈር መኖሩ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። 43ቱ ግን አለ። ቶን ቀስ እያልኩ ሳወጣ 44 ላይ ስደርስ ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ሁሉ አንድ ላይ ዘመሩ፣ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ደሞ ኮርኒሱ ላይ ያለች አንዲት ሚስማር። ሚስማሯን መታሁ፣ ሶፋውን ከጀርባው ግድግዳ ወደ ፊት 80 ሴንቲ ሳብኩት፣ እማየ መጀመሪያ አልወደደችውም፣ ቤዙ ሲረጋ ግን "አሁን ቃሉ ይሰማኛል" አለችኝ። እኔ ፕሮግራሙ ሚለውን ሁሉ ከማየት እሷ ያቺን ማለቷ ይበልጥብኛል። በስልክ ማይክ ቤዝ ለክታችሁ አትወስኑ፣ ስልኮች ዝቅተኛውን ድምፅ ይቆርጡታል።

ከበሮው አሁን ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ድም ይልና ያበቃል፣ ጠባቡ ከላዩ ለብቻው ይሰማል። ማሲንቆ ሲመጣ ደሞ የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር አለ፣ የሚዱ ኮን ዝም ብሎ ስራውን ይሰራል፣ መብራት እያበራሁ አሁንም አየዋለሁ።

ሰሞኑን ደሞ መተማ ያለው ወንድሜ ለኔም ስራልኝ አለኝ፣ ቡፈሩ ያው አይነት ነው። መተማ ቆላ ነች፣ ከባህር ወለል 700 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከኛ ይወፍራል፣ እዛ ቪኤኤሱ ወደ 72 ሊትር ይጠጋል። በ40 ሊትሩ ሳጥን ሳሰላው 0.75 ይመጣል፣ ከኛ 0.71 ትንሽ የወፈረ ቤዝ ነው፣ መጥፎ አይደለም። የቡፈሩን ክፍል ላስረዝም ብዬ ነበር ግን ከ62 ሴንቲ ካለፈ ላይ ያለው ለሚዱና ለትዊተሩ ይጠባል፣ ሳጥኑን ላስረዝመው ብል ደሞ ካንድ ሉህ አይወጣም። ስለዚ እንጨቱን እንዳለ ትቼ ፋይበሩን እጨምራለሁ፣ ፋይበር የበዛበት ዝግ ሳጥን ከልኩ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሰፋ ያህል ነው ሚሆነው፣ ይበቃዋል። አያ ሉሁን አስመጥቷል፣ ቅዳሜ ጠርዙን እናጣራለን።